ፊኛው ተነክቷል

በእኛ ቤት ልጅ አይሰማም። ጆሮ የለውም ማለት አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ እንደ ምሰሶ፣ እንደ መደብ ይቆጠራል ማለት ነው። «ልጅ አይሰማም፣ ቀጥል» ይባላል፤ ይቀጠላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ባውቅ ፍርድ ቤት ባቆምሁት ነበር። ጠበቃ ነኝ፣ ሙግት እንጀራዬ ነው፤ ዋናው ተከሳሼ ግን አድራሻ የለውም።

እኔ እሰማ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሁሉንም እሰማ ነበር። የሰማሁትንም አንድ ፊደል ሳልጨምር፣ አንድ ፊደል ሳልቀንስ ተናገርሁ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር አባቴንና ወንድሜን አጣላኋቸው። እስካሁን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ብዋሽ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። እውነት ለተናገረ ሰው ምን ዓይነት ይቅርታ አለ?

ጊዜው ግንቦት 2003 ነው። ወንድሜ ጥበቡ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕሊና ከምትባል የክፍል ጓደኛው ጋር በአይሱዙ ተጭኖ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ከመኪናው ላይ ረዥም ነገር በጋቢ ተጠቅልሎ ሲወርድ ያየ ጎረቤት ሁሉ በሽተኛ የመጣ መስሎት «እግዜር ይማረው!» እያለ ከየደጁ ወጣ። ጋቢው ሲገለጥ የብረት ሲሊንደር ሆኖ ተገኘ።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» አለች እናቴ አስካለ።

«ጋዝ ነው እማማ። ፊኛ የምንሞላበት።»

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲቀልዱም ፊታቸው አይፈታም።

«ፊኛ?» አሉ። «የበሬ ነው የበግ?»

እኔና የሰፈር ልጆች በሳቅ ፈነዳን። ለእኛ ፊኛ ማለት ያው ነበር፤ ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ተሻምተን የምንወስደው፣ በአመድ አሽተን፣ በመቃ ነፍተን የምንጠልዘው።

«የላስቲክ ነው አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሬው ተረፈ።»

ማምሻውን ጥበቡ ነገሩን ለማስረዳት ሞከረ። ሞከረ እላለሁ፤ አባቴን ማስረዳት ዳገት ነው። ሁለት ትልልቅ ፊኛዎች አሏቸው። አንዱ ነጭ ነው፤ ሌላውን ጥቁር ቀብተውታል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ወደ ሰማይ ይለቋቸዋል። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት የሙቀት መለኪያ አለ፤ አንዱ ከውጭ ያለውን አየር፣ አንዱ የፊኛውን ቆዳ፣ አንዱ ከውስጥ ያለውን ጋዝ ይለካል።

«ይኸውልዎ አባባ፣ ጥቁር በግና ነጭ በግ ፀሐይ ላይ ቢተኙ የትኛው ቶሎ ይሞቃል?»

«ጥቁሩ።»

«አዎ።»

«ይህን ለማወቅ ነው አራት ዓመት የተማርኸው?»

ሕሊና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጥበቡ ደም ሥሩ ተገታተረ።

«ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ነው ጥያቄው! ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይበርዳል፤ ከበረዶ በታች። ፀሐይዋ ግን ትመታዋለች። ውጭው በርዶ ውስጡ ይሞቃል። ያ ልዩነት ካልታወቀ የት ደርሶ እንደሚፈነዳ፣ የት እንደሚወድቅ መገመት አይቻልም።»

አባቴ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ውጭው በርዶ ውስጡ የሚያቃጥል ፊኛ» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ፤ ይኖራል።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። እኔ ቅኔ ሊቆጥሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልቆጠሩም።

የፊኛዎቹ ሣጥን የተቀመጠው የአባቴ መጻሕፍት ካሉበት ጓዳ ነው፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ስለሆነ። ከዚያ ወዲያ የጥበቡ ዜማ አንድ ሆነ፦ «ፊኛው እንዳይነካ!» የእጅ ቅባት ላስቲኩን ያሳሳዋል አለ። ያለ ጓንት አንድ ጣት ያረፈበት ፊኛ ሰማይ አይደርስም አለ። ጠዋት ፊኛው እንዳይነካ፣ ማታ ፊኛው እንዳይነካ። የሰፈር ልጆች ዘፈን አደረጉት። አባቴም መጽሐፍ ሊያወጡ በገቡ ቁጥር እጃቸውን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንሥተው ይወጡ ነበር። እኔ እስቃለሁ። ጥበቡ አይስቅም።

የማይስቅበት ምክንያት ነበረው። ጥበቡ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ከአባቴ ጉባኤ ተቀምጦ ቅኔ ተምሯል፤ ወንበሩን ይወርሳል ሲባል በአንድ መስከረም ደብተር ገዝቶ፣ ተፈትኖ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ገባ። አባቴ በዚያ ቀን «ደብተሩ ስንት ቅጠል ነው?» ብቻ ነበር ያሉት። ይሄ ዓይነት ዝምታ ከቁጣ ይከፋል። የተቆጣህ ሰው ቁጣው ሲያልቅ ታውቀዋለህ፤ ዝም ያለህ ሰው ግን መቼ እንደጨረሰ በምን ይታወቃል? ጥበቡ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ቁጣ ሲጠብቅ ኖሯል።

በዚያ ሰሞን አባቴ አንድ አዲስ ልማድ አወጡ። ጉባኤ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ለአፍታ ብለው ይነሡና ከአጥሩ ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይቆማሉ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረዥም ጊዜ። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። እኔ ለጥበቡ ነፋሱን የሚያዩለት መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ሮጬ ሄጄ «ወዴት ይነፍሳል አባባ?» ብዬ ከኋላቸው ጠየቅኋቸው። ደነገጡ። ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ገና ነው፣ ገና ነው ልጄ» አሉኝ፤ ግንባራቸው ላብ አፍልቆ ነበር።

ነፋስ አልነበረም ሲጠብቁ የነበሩት። ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ አንድ ሰው በግልጽ ቢነግረኝ ይበቃ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ሙከራው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥበቡና ሕሊና ለፈቃዱ ማኅተም ሊያስመቱ ወጥተው ሳለ ጋሽ ደሳለኝ መጣ። ጤና መኮንን ነው፤ ልጅ ሳለ ከአባቴ ዘንድ ዳዊት የደገመ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ለእኔ ከረሜላ ያመጣል። ያን ቀን እጁ ላይ የነበረው የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ጓዳው በር ላይ ተቀምጬ አተር እፈለፍል ነበር።

«መሪጌታ» አለ፤ አልተቀመጠም። «ከደብረ ታቦር ውጤቱ መጥቷል። ፊኛው ተነክቷል።»

እጄ ላይ ያለው አተር ተበተነ።

«ወይኔ!» አለች እናቴ።

«ብዙ ነው?» አሉ አባቴ።

«እንዲሁ ሆኖ መናገር አይቻልም። ጎንደር ሄዶ በመሣሪያ መታየት አለበት። ዛሬ ነገ ሳይባል።»

«ቅዳሜ የልጁ ሥራ ነው።»

«መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ቅዳሜ እሑድ የሚያውቅ ነገር አይደለም!»

«ጥበቡ እንዳይሰማ» አሉ አባቴ። «ከሰማ ሁሉንም ጥሎ ነው የሚነሣ።»

«እስከ መቼ ይደበቃል?»

«እስኪመረቅ።»

ጋሽ ደሳለኝ ያኔ ዞር ሲል አየኝ። «ልጅቱ …» አለ በዓይኑ እየጠቆመ።

«ውዴን ነው?» አለች እናቴ ስሜን ጠርታ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ተዋት፤ ልጅ አይሰማም።»

እንግዲህ ፍረዱ። አማርኛ «ፊኛ» ሲል የሽንት ፊኛንም የሚበር ፊኛንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ተነካ» ሲልም በጣት የተነካውንም፣ በበሽታ የተመታውንም በአንድ ቃል ይጠራል። ሁለት ድርብ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ! እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። አባቴ አርባ ዓመት ያስተማሩት ኅብረ ቃል ይባላል፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ እንዴት እንደሚገባ። ያ ሁሉ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከጎጃም ከወሎ ድረስ የሚመጣው ይህንኑ ለመፍታት ነው። የቤታቸው ልጅ ግን አተር እየፈለፈለች ከሁለቱ ትርጉም የተሳሳተውን መረጠች። ምን ታድርግ? ሳምንቱን ሙሉ «ፊኛው እንዳይነካ» ሲባል ነው የሰነበተችው። ሌላውን ማን ነገራት?

እናም ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አባባ የጥበቡን ፊኛ ነክተዋል። ጎንደር ፊኛ የሚጠግን መሣሪያ አለ። እነሱ ግን ላለመናገር ተስማምተዋል።

ጋሽ ደሳለኝ ሲወጣ እናቴ እየሸኘችው ወጣች፤ አባቴም ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። ጓዳ ገባሁ። ሣጥኑን ከፈትሁት። ጥቁሩ ፊኛ ዱቄት ተነስንሶበት እንደ ታጠፈ ሬሳ ተኝቷል። የጣት አሻራ ፈለግሁ፤ ጨለማ ስለሆነ አይታይም። ስለዚህ የት ጋ እንደተነካ ለማወቅ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ በጣቴ ነካሁት። በአንድ ጣት። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን ዘግቼ ሌላውን ሰው ልከስስ ተዘጋጀሁ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ከሳሽ ብዙ ገጥሞኛል፤ ሳየው ወዲያው ነው የማውቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የሰው ዘር ሁሉ ተሰበሰበ። ያቺ ከተማ ስሟን ያገኘችበት ነፋስ፣ ቆርቆሮ የሚነቅለው፣ ጥምጥም የሚፈታው፣ የዚያን ቀን ብቻ የት እንደገባ ጠፋ። ቅጠል አይነቃነቅም። ጥበቡ በደስታ ሰክሯል። በሁለት ሰዓት ተኩል ሁለቱም ፊኛዎች ተሞልተው፣ ጓንት ባጠለቁ ተማሪዎች ገመድ ተይዘው፣ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ ቆሙ። ነጩ ያስቃል፤ ጥቁሩ ያስፈራል።

ወዲያውኑ መለቀቅ ነበረባቸው። ግን አንድ ባለሥልጣን ሳይመጣ አይለቀቅም ተባለ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ሰውየው በመጨረሻ መጣ፤ መምጣቱስ ባልከፋ፣ ንግግር ይዞ መጣ። ስለ ጠፈር ተናገረ። ስለ ማዳበሪያ ተናገረ። ከጠፈር ወደ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያ ወደ ጠፈር አርባ ደቂቃ ሙሉ ተመላለሰ። የአገራችን የጋይንት ፀሐይ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ተደብቃ እንደምትፋጅ የሚያውቅ ያውቃል፤ ጆሮዬ ሲቃጠል ይሰማኝ ነበር። ሕሊና ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ጥበቡን ጎሸመችው።

«ጥበቡ፣ የጥቁሩ ቆዳ አርባ አለፈ።»

«ቆይ፣ ይጨርስ።»

«አርባ አራት።»

«ሕሊና፣ ሰውየው እየተናገረ ነው!»

«እሱ እየተናገረ ነው፣ እሱም እየጋለ ነው» አለች ወደ ፊኛው እያመለከተች።

ከዚያ ጓ! አለ። ባለሥልጣኑ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ እንዴት እንደገባ ማንም አላየም። አህዮች በገመዳቸው ዞሩ። የጥቁሩ ፊኛ ቅዳጅ ከሰማይ እንደ ቁራ ክንፍ እየተርገበገበ ወረደ። መጀመሪያ ሕዝቡ ጮኸ፤ ቀጥሎ ባለሥልጣኑን አይቶ ሳቀ።

ጥበቡ አልሳቀም። ቅዳጁን ይዞ ቆሞ ነበር። ሌላ ጥቁር ፊኛ የለውም። ፈቃዱ የአንድ ቀን ነው። መመረቂያው በእጁ ላይ ተቀዳዶ ቀርቷል።

«ማነው የነካው?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ይሄ ፊኛ ተነክቷል! ማነው የነካው?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ …። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«አባባ ናቸው!» አልሁ። ጮክ ብዬ፣ በትምህርት ቤት መዝሙር ድምፅ። «ሐሙስ ዕለት ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ! ፊኛው ተነክቷል ተባባሉ፤ አባባ ጥበቡ እንዳይሰማ፣ እስኪመረቅ ይደበቅ አሉ!»

አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ቆመው ነበር። እናቴ አፏን ከፈተች፤ አባቴ ሳያዩዋት እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኟት። እኔን ተመለከቱኝ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ዓመታት ሙሉ እንደ ኀፍረት ቆጥሬዋለሁ። አሁን ሳስበው ኀፍረት አልነበረም። ተማሪያቸው ሳያስበው ጥሩ ኅብር ሲያወጣ የሚያሳዩት ፊት ነበር።

«እውነት ነው አባባ?» አለ ጥበቡ።

«ውዴ አልዋሸችም።»

«ፊኛው ተነክቷል ተብሏል?»

«ተብሏል።»

«እንዳልሰማ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ጥበቡ ቅዳጁን ጨመደደ። «ቅኔውን ስለተውሁ ነው አይደል? ዘጠኝ ዓመት ጠብቀው! ፊት ለፊት ቢረግሙኝ ምን ነበረበት?»

አባቴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ነጩን ልቀቀው» አሉ። «ፀሐይ እየበረታች ነው።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «የእኔ» የምትል አንዲት ቃል። ነገር ግን ያቺን ቃል ካወጡ ጥበቡ ነጩንም ፊኛ፣ ምርቃቱንም ጥሎ ጎንደር ይከተላቸዋል። ስለዚህ ዝም አሉ። ሰው ለልጁ ብሎ ስሙን ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያምራል። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ማን ጠየቃቸው?

ነጩ ተለቀቀ። እንደ ጠዋት ጨረቃ እያነሰ እያነሰ ወደ ስማዳ አቅጣጫ ሄደ። ጥበቡና ሕሊና መኪና ላይ ወጥተው ተከተሉት። ጥበቡ እናቴን ሳማት፤ እኔን ሳመኝ፤ አባቴን በአጠገባቸው አለፋቸው። የመለኪያዎቹ ሣጥን ከወገዳ ወዲያ አንድ የታረሰ ማሳ ላይ ወድቆ ተገኘ። ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን አስረክቦት ኖሮ፣ ቄሰ ገበዙ «ከሰማይ የወረደ ንብረት ያለ ማኅተም አይወጣም» ብለው ሁለት ቀን አስጠበቋቸው። ሲያገኙትም በእኛ በኩል አልተመለሱም፤ በእስቴ አድርገው፣ መካነ ኢየሱስ አድረው፣ በደብረ ታቦር አለፉ። ይህን ሁሉ የነገረን በስልክ ነው። ለእናቴ። አባቴ አጠገቧ ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ «አባትህን ላቅርብልህ?» እንኳ ለማለት ፈርታ፣ ስልኩ ይዘጋል።

ከተማው ሥራ አገኘ። «መሪጌታ የልጃቸውን ፊኛ አፈነዱ» ተባለ። ከራሳቸው ተማሪዎች አንዱ ቅኔ ተቀኘበት አሉ፤ አባቴም ሰምተው የቅኔው ቤት አንድ ፊደል እንደሚጎድለው አርመው መለሱለት። ጎንደር ሂዱ ሲሏቸው «እስኪመረቅ» ነው መልሳቸው። እናቴ የገብስ ውሃ ታፈላላቸዋለች፤ ጋሽ ደሳለኝ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል።

እኔም ፈርጄባቸው ነበር። አላናግራቸውም። ውኃ ሲጠይቁኝ አስቀምጬ እሄዳለሁ። እሳቸው ግን ያን ሰሞን አዲስ ስም አወጡልኝ።

«ዳኛዬ፣ ራት አይቀርቡም?» ይሉኛል፤ እንደ ትልቅ ሰው በአንቱታ። «ዳኛዬ፣ ጥፋተኛው አንድ ጉርሻ ቢያጎርስዎት ጉቦ ይሆናል?»

አልስቅም። ከንፈሬን ነክሼ አልስቅም። ያን ያልሳቅሁትን ሳቅ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አገኘዋለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጥበቡ ሳይነግረን መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ኮቱ ውኃ። በብብቱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። አባቴ መደቡ ላይ ጋቢ ደርበው ተኝተው ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ሰው ሆነው ነበር። ጥበቡ ይህን አላየም፤ ይዞት የመጣው ነገር ዓይኑን ጋርዶታል። ጉልበት እንኳ ሳይስም ወረቀቱን ዘረጋ።

«ተመረቅሁ» አለ። «በዚህ ነው የተመረቅሁት። በፈነዳው።»

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ነበር። የታችኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የመሐሉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የላይኛው ሽቅብ ተወርውሮ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣል።

«የታችኛው የውጭው አየር ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ። መሐሉ ጋዙ ነው፤ ሠላሳ ሁለት። ይሄኛው ቆዳው ነው፤ አርባ ስምንት ላይ ሲደርስ ተቀደደ። ቀለሙ ፀሐዩን ጠጥቶ ላስቲኩን አልፈስፍሶታል። ልንለካው የመጣነው ነገር ዓይናችን ሥር ሆነ፤ እኛ ንግግር እንሰማለን! ሕሊና ናት ያየችው። የጣት ቅባት እንዲህ አያደርግም። ማንም አልነካውም አባባ፣ ቢነካም በዚያ አልፈነዳም።» ትንፋሹ አጠረ። «ታዲያ ለምን ነካሁ አሉ?»

«ነካሁ አላልሁም» አሉ አባቴ።

«እውነት ነው አሉ! በሕዝብ ፊት!»

«ፊኛው ተነክቷል ተብሏል ወይ አልኸኝ። ተብሏል አልሁ። እንዳልሰማ ብለዋል ወይ አልኸኝ። ብያለሁ አልሁ።» ድምፃቸው ደካማ ነበር፤ ግን ጉባኤ ላይ እንደሚያደርጉት እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ያስቀምጡ ነበር። «የማን ፊኛ ነው ብለህ ግን አልጠየቅኸኝም። ይህን ያህል ተምረህ ኅብሩን ሳትፈታ ሄድህ።»

ጥበቡ ያኔ ነው ያያቸው። ጉንጫቸውን፣ ጋቢው ሥር ያለውን ቅጥነት፣ በመደቡ ሥር የተከደነውን ጣሳ።

«የማን ፊኛ ነው?» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ውዴ፣ ውጪ።»

«አልወጣም» አልሁ።

«ትቀመጥ» አሉ አባቴ። «ምስክር ናት። እየሰማች ያልገባት ስላልነገርናት ነው።»

ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው አንድን ነገር በስሙ ሲጠራ ሰማሁ። የሽንት ፊኛ። ዕጢ። ጎንደር። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያም፣ ለምን እንደደበቁት። አንዱንም አልሸፈኑም። ጥበቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ አጥሩ ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ታዩኝ።

በማግስቱ ጎንደር ወሰዳቸው። ሐኪሙ በግንቦት ቢመጡም ለውጥ አያመጣም ነበር አለ። ሐኪም ለቤተሰብ እንዲህ ይላል፤ አላመንሁትም፤ አሁንም አላምነውም። በጥር አረፉ።

እኔ የምይዘው ግን ጎንደርን አይደለም፣ ጥርን አይደለም። ያችን ማምሻ ነው። ሁሉም ከተነገረ በኋላ አባቴ «እስቲ ያን ወረቀትህን አምጣው» አሉ። ጥበቡ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላቸው። አጎንብሰው ረዥም ጊዜ አዩት፤ ታችኛውን መስመር፣ መሐሉን፣ ሽቅብ ተወርውሮ የተቆረጠውን። ጣታቸውን ወደ ተቆረጠበት ቦታ ዘረጉ። ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው አቆሙት። እጃቸውን እንደዚያ ሰሞን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አነሡና፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ልጃቸውን ተመለከቱት።

«ይነካል?» አሉት።